ውሃ ልኩ የለካው ሰው

ትናንት ተኝቼ ሳለ ካራቫናችን፣ መኪና የሚጎትተው ቤታችን፣ እኔንና ባለቤቴን ይዞ ወደ ሐይቅ ዳር ለሽርሽር ሲወጣ አየሁ። እሱ ከፊት ይሄዳል፤ እኛ ከኋላው በአንድ ጋንቾ ተያይዘን አስፋልቱ ላይ እንሮጣለን። መኪናችን ካራቫኑ ውስጥ አልጋችን ላይ ተጋድማ በመስኮት ታየናለች። ድካም የሚባል ነገር አልነበረም። እንዲያውም ዳገቱን ስንወጣ ደስታው አላስችል ብሎኝ እዘል ነበር።

ባለቤቴ የውብዳር ግን አልዘለለችም። ኩርፊያዋን ሕልም ውስጥም ይዛው ገብታ ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት በመንገድ ሥራ መካኒክነት አገልግዬ ጡረታ በወጣሁ በወሩ ይህን ተጎታች ቤት ሳላማክራት ገዝቼ ግቢ ውስጥ ገተርኩት። እሷ ነርስ ናት፤ ገና ሥራ ላይ ነች። ከዚያ ወዲህ ጨው አቀብለኝ ከማለት በቀር ብዙም አታናግረኝም።

ሐይቁ ዳር ያለው ካምፕ በር ላይ ኃላፊው ተሰልፈው ይጠብቁን ነበር። አቶ ዳምጠው ይባላሉ። የተሰለፉት ብቻቸውን ነው። መታወቂያቸውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝና ወደ ገዛ ግቢያቸው እንዲገቡ እንድፈቅድላቸው ለመኑኝ። ፎቶውን ከፊታቸው ጋር አስተያየሁና ፈቀድኩላቸው። እየሮጡ ቀድመውን ገቡ።

ውስጥ ዝንጀሮዎች ድንኳን ተክለው ምሳ ይበላሉ፤ ሰዎቹ ዛፍ ላይ ናቸው። ከረባት ያሰረ አንድ ጎልማሳ ከግራሩ ወርዶ ከዝንጀሮዎቹ ጠረጴዛ ሙዝ መነተፈና ተመልሶ ወጣ። እናት ዝንጀሮዋ ትንሿን ልጇን፣ “አትሳቂለት፤ ይለምዳል” አለቻት።

የተሰጠን ቦታ ወደ ሐይቁ ያዘነበለ ነበር። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ዘመም ባለ መሬት ላይ ካራቫን አስተካክሎ ማቆም የኔ ሥራ ነው፤ ለዚያውም በየውብዳር ፊት። ክሪክና ጣውላ ፍለጋ ስዞር አቶ ዳምጠው ያዙኝ። እዚህ ቤት እንደማይስተካከል አስረዱኝ፤ ቤቱ ልክ ነው፣ የሚስተካከለው አገሩና ሰዉ ነው አሉ።

ወዲያው አሥር ሠራተኞች መጡና የሐይቁ ዳርቻ ሥር ክሪክ አስገብተው ማሽከርከር ጀመሩ። ዳርቻው ቀስ እያለ ተነሳ። ውሃው ወደ ማዶ ሲያጋድል ዓሦቹ እንዳይንሸራተቱ እርስ በርስ ተያያዙ። ኮረብታው ሥር ሁለት ጣውላ ሲጨምሩበት አገሩ በሙሉ እንደ ጠረጴዛ ለጥ አለ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። አጨበጨብኩ፤ እንባዬም መጣ።

“አሁን የእናንተ ተራ ነው” አሉ አቶ ዳምጠው።

ተቆጣጣሪው መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ዝንጀሮ ነበር። ውሃ ልክ ይዟል፤ ውስጧ ያለችው አረፋ መሃል ላይ ከቆመች ልክ ነው የምታሰኘውን መሣሪያ። መጀመሪያ የውብዳር ራስ ላይ አስቀመጣት። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ አለች። ቀጥሎ እኔ ራስ ላይ ሲያስቀምጣት አረፋዋ ሸርተት ብላ ጥግ ያዘች።

“ሁለት ጣት ዘመዋል” አለኝ ዝንጀሮው በትሕትና።

“ወዴት ነው የዘመመው?” አለች የውብዳር።

“ወደ ራሳቸው ነው፣ እመቤቴ።”

ግራ እግሬ ሥር ጣውላ አደረጉልኝ። እንዳልንከባለል ተረከዜ ሥር ታኮ ወተፉ። ብብቴ ሥር ክሪክ አስገብተው አነሱኝ። አረፋዋ ንቅንቅ አላለችም። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየና እስከ ስድስት ሰዓት ካልተስተካከልኩ ካራቫኑ የውብዳርን ብቻ ይዞ እንደሚሄድ፣ እኔ ግን የድንኳን ካስማ ሆኜ እዚያው እንደምተከል ነገረኝ። ዞር ስል በየድንኳኑ ጥግ እስከ ጉልበታቸው የተቀበሩ፣ ወገባቸው ላይ ገመድ የታሰረባቸው ወንዶች አየሁ። አንደኛው ሰላም አለኝ። የመጣው ለቅዳሜና እሁድ ብቻ እንደነበረና አሁን ልጁ ዩኒቨርሲቲ እንደገባች አጫወተኝ።

ካራቫኑ ጡሩምባውን ነፋ። ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ኪሴን ስዳብስ አራት የብረት እግሮች አገኘሁ፤ ካራቫን ከቆመ በኋላ እንዳይወዛወዝ በአራቱ ማዕዘን የሚወርዱትን ዓይነት። ወገቤ ላይ ገጠምኳቸውና ባለ በሌለ ኃይሌ እያሽከረከርኩ ራሴን ወደ ላይ ማንሳት ጀመርኩ። አራቱም ተጣመሙ።

“እነሱ ለመደገፍ ናቸው እንጂ ለማንሳት አይደሉም” አለችኝ የውብዳር። “ይህንን ስንቱን ሾፌር ስታስተምር አልኖርክም?”

ከዚያ መጥታ አጠገቤ ቆመችና ካራቫኑን ለምን ሳልጠይቃት እንደገዛሁት ጠየቀችኝ። እንዲሁ አጋጣሚ ሆኖ ነው አልኳት። አረፋዋ ጭራሽ ከጥጉ ተለጠፈች። እምቢ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ እንደሆነ ተናገርኩ። አረፋዋ አንድ ጣት ተመለሰች። የተተከሉት ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ።

“ሌላስ?” አለች።

“ጠዋት ጠዋት አንቺ ጋውንሽን ይዘሽ ስትወጪ እኔ በር ላይ ቆሜ መቅረቱን አልቻልኩትም። ጎማ ያለው ነገር ፈለግኩ።”

አረፋዋ መሃል ገባች። ዝንጀሮው ፊሽካውን ነፋ። ዛፍ ላይ የነበሩት ሰዎች እልል አሉ፤ ዝንጀሮዎቹም ሙዝ በተኑላቸው። የተተከሉት ወንዶች ሲያጨበጭቡ ድንኳኖቹ በሙሉ አብረው ተርገፈገፉ። የውብዳር ክንዴን ያዘችኝ፤ እጇ ሞቃት ነበር። ወዴት መሄድ እንደምትፈልግ ልጠይቃት አፌን ስከፍት የላስቲክ ኩባያ ግንባሬን መታኝና ነቃሁ።

ነግቷል። ካራቫኑ ይወዛወዛል። የመሬት መንቀጥቀጥ መሰለኝና መጋረጃውን ስገልጥ ግራሮቹ ወደ ኋላ ይሮጣሉ። የውብዳር አጠገቤ የለችም። ከትናንት በስቲያ ሐይቁ ዳር ያቆምነውን ካራቫን መኪናችን እየጎተተችው ነው፤ በፊት መስኮት ሳይ መሪው ላይ ያለችው የውብዳር ነች። ተጎታች ይከብዳታል ብዬ ቁልፉን እንኳ አስነክቻት አላውቅም።

ደወልኩላት። ረጋ ብላ አነሳችው። ጥሩ እንቅልፍ ስለወሰደኝ እንዳልቀሰቀሰችኝ ነገረችኝ። መጀመሪያ ጋንቾውን አያይዛ፣ ከዚያ አራቱን እግሮች ሰብስባ፣ ታኮውን መጨረሻ ላይ አንስታ ነው የተነሳችው። ቅደም ተከተሉን አንድም አልሳተችም። የጠዋቷ ፀሐይ በግራችን ስለነበረች ወደ አዲስ አበባ እየተመለስን እንዳልሆነ ገባኝ። ወደ ደቡብ እየሄድን ነው። ለካ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዳ ኖሯል። እኔ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ ሳቅኩ። የት ድረስ እንደምትወስደኝ ልጠይቃት ስል አቋረጠችኝ።

“ትራፊክ እያስቆመኝ ነው” አለች። “ተጎታች ውስጥ ሰው መጫን ክልክል ነው። ቶሎ አልጋው ሥር ግባ።”

ገባሁ። መኪናዋ ቆመች። ፖሊሱ ምን እንደጫነች ሲጠይቃት ይሰማኛል።

“ያገለገለ ዕቃ ነው” አለችው የውብዳር።