ዜሮህ የት ነው?

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አለ፤ ጥያቄ ስትጠይቀው ከመመለሱ በፊት ወንበር የሚስብ። ወንበሩን ሲስብ ካየህ አለቀልህ። የጠየቅከው አንድ ቃል ነው፤ የምታገኘው ሙሉ ኮርስ ነው። ስልክ ይቀየራል፣ ሰፈር ይቀየራል፣ ይህ ሰው አይቀየርም።

እኛ ቤት ይህ ሰው የእህቴ ባል ነው። ሥራው የሕንፃ ንድፍ በኮምፒውተር መሳል ነው። እሱ በሌለበት ስናማው "ክቡር ዜሮ ዜሮ" እንለዋለን። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። በሚስልበት ፕሮግራም ውስጥ እያንዳንዱ ነጥብ አድራሻ አለው፤ ወደ ቀኝ ይህን ያህል፣ ወደ ላይ ይህን ያህል ተብሎ ይቆጠራል። ቆጠራው የሚነሣበት ነጥብ ዜሮ፣ ዜሮ ይባላል። ይህን ነጥብ የማያውቅ ሰው፣ እንደ ክቡርነታቸው አባባል፣ የትም የለም።

ስለዚህ ምንም ብትነግረው መጀመሪያ "ዜሮህ የት ነው?" ይልሃል። መንገድ ብትጠይቀው "ዜሮህ የት ነው?" ጠረጴዛውን ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ አድርገው ስትለው "ከየት ተነሥቶ?" አንድ ጊዜ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ ብሶቴን ላወራው ብሄድ፣ ጠቡ የጀመረበትን ትክክለኛ ነጥብ ሲያፈላልገኝ ግማሽ ቀን ዋለ። አላገኘነውም። ብሶቴም ጠፋ።

እሱ መንገድ እንኳ የሚሻገረው በዘጠና ዲግሪ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ኦርቶ የሚባል ነገር አለ፤ ሲበራ መስመር ሁሉ ወይ ወደ ጎን ወይ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ብቻ ይሄዳል። እህቴ "የሱ ኦርቶ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ አልጠፋም" ትላለች።

ሌየር ደግሞ አለ። ግድግዳው በአንድ ሌየር፣ መብራቱ በሌላ፣ የውሃው ቧንቧ በሌላ ይሳላል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀት አንዱን በአንዱ ላይ እንደ መደረብ ነው። የማትፈልገውን አጥፍተህ የምትፈልገውን ታያለህ። ክቡርነታቸው ይህን ጥበብ ወደ ትዳር አምጥተውታል። እህቴ ወቀሳዋን በማርፈዱ ጀምራ እናቱ ጋ ስትደርስ፣ "የእናቴ ጉዳይ ሌላ ሌየር ነው፤ እሱን አጥፊውና ስለ ማርፈዴ እንነጋገር" አላት። እህቴም እሺ ብላ ሁሉንም ሌየር አጥፍታ ሁለት ቀን ዘጋችው።

ብሎክ የሚባለውን ሲያስረዳማ ዓይኑ እንባ ያቀራል። "በር አንድ ጊዜ ትስላለህ። ከዚያ በኋላ በየቦታው መጥራት ነው። ዋናውን ስታስተካክል መቶውም ይስተካከላል።" ሦስት ልጆች አሉት። ይህን ሲናገር የሚያየው ወደ እነሱ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ለምንም እንደማያስፈልገኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ እናቴ ወድቃ ዳሌዋ እስኪሰበር ድረስ። ሐኪሙ ዓርብ ትወጣለች አለን። ደረጃ ግን አትሞክርም። እኔ ቤት ታች ያለውን ዕቃ ቤት መኝታ ልናደርግላት ወሰንን፤ ግንበኛውም ከጎን ወዳለው ሽንት ቤት የሚያስገባ ክፍተት ግድግዳው ላይ ፈለፈለ። በሩን የሚሠራው በያጅ ልኩ ያለበት ንድፍ ካላየሁ ብረት አልቆርጥም አለ። ንድፍ ማለት የእህቴ ባል ማለት ነው።

ቅዳሜ ሁለቱን ግድግዳና የበሩን ክፍተት በቤቴ ሜትር ለካሁ። የቀሩትን ሁለት ግድግዳዎች ዕቃ ከልሏቸው ስለነበር፣ እሑድ ዕቃው ሲነሣ ከበያጁ በተዋስኩት ሜትር ጨረስኩ። ልኩን በስልክ ላክሁለት። እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሰኞ ይደርሳል ብዬ ጠበቅሁ።

ማክሰኞ ደወልኩ።

"አልተዘጋም" አለኝ።

"ምኑ?"

"ክፍልህ። አንተ ባልከው ልክ ስስለው የመጨረሻው መስመር የመጀመሪያውን አያገኘውም። በርዝመቱም በወርዱም አሥር አሥር ሴንቲ ይተላለፋሉ።"

"ሳብ አድርገህ አገናኘዋ።"

የሰው ፊርማ አስመስለህ ፈርም ያልኩት ይመስል "ምን አልክ?" አለኝ።

"አሥር ሴንቲ ምን አላት?" አልኩት። "እኔ ከዚህ የሰፋ ቀዳዳ ያለው ዜና የፊት ገጽ ላይ አውጥቻለሁ።"

"አንብቤዋለሁ" አለኝ።

"ወረቀቱ ላይ እኮ ጥፍር አታክልም።"

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ወንበር ሲሳብ በስልኩ ውስጥ ሰማሁ።

"ወንድሜ፣ ወረቀቱን ተወው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁሉም ነገር የሚሳለው በሙሉ ልኩ ነው። አራት ሜትር አራት ሜትር ነው። የሚያንሰው ሲታተም ነው። ስለዚህ አሥር ሴንቲህ አሥር ሴንቲ ናት። እማማም የሚጋጩት ከወረቀቱ ጋር አይደለም።"

እህቴ ጋ ደወልኩ። "ባልሽ እናታችንን ደጅ ሊያስቀራት ነው።"

"እኔ አሥራ አንድ ዓመት ችዬዋለሁ" አለችኝ። "አንተ እስከ ዓርብ ቻለው።"

ረቡዕ ከሥራ ሲወጣ መጣ። ሳይቀመጥ "ሜትርህን አምጣ" አለ። ሰጠሁት። ጫፉን ሳብ አድርጎ አየውና ወደ እኔ አዞረው።

"ዜሮህ የት ነው?"

አሥራ አንድ ዓመት የሳቅሁበት ጥያቄ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሜትሩ የሚጀምረው ከአሥር ነው። የፊቱ አሥር ሴንቲ ተሰብሮ የለም። እንዴት እንደ ተሰበረም ትዝ አለኝ፤ አምና የተደፈነ የውሃ መውረጃ የጎረጎርኩበት እኔው ነኝ። በሱ የለካሁት ሁሉ አሥር ሴንቲ በልጦ ተጽፏል።

ክቡርነታቸው አልሳቁም። የራሳቸውን ሜትር አውጥተው የበሩን ክፍተት ለኩ። ሰማንያ ብዬ የላክሁት ሰባ ነው። መቃኑ በግራና በቀኝ አምስት አምስት ሲወስድ ስድሳ ይቀራል። እናቴ የምትደገፍበት ባለ አራት እግር ብረት ስፋቱ ስድሳ አራት ነው። መስመሩን እንዳልኩት ሳብ አድርጎ ቢያገናኘው ኖሮ፣ በያጁ የሠራው በር አይገባም፤ እስኪገባ ቢያጠቡትም እናቴ ሽንት ቤቷ በር ላይ ደርሳ ትቆም ነበር።

"ግንበኛውን ጥራው" አለ። "ዘጠና ያድርገው።"

ሐሙስ ግንበኛው ግድግዳውን ሲያሰፋ እኔ ንድፉን ለማሳተም እህቴ ቤት ሄድኩ። ባልየው ወረቀት ሊያመጣ ተነሣ። ኮምፒውተሩ ላይ የሌየሮቹ ዝርዝር ተከፍቷል፤ ግድግዳ፣ በር፣ ውሃ፣ መብራት። ከሁሉም በታች የጠፋ፣ እንዳይታተም የተደረገ አንድ ሌየር አለ። የተደበቀ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። አበራሁት።

አልጋ ወጣ። መስኮቱ ሥር ወንበር ወጣ። ወለሉ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ከላይ ሲታይ የሰው ትከሻ ከነመደገፊያው። ሽንት ቤቱም ውስጥ ሌላ ክብ አለ። አጠገቡ በትንንሽ ፊደል "እማማ ሲዞሩ" ይላል።

የእግሩን ኮቴ ስሰማ አጠፋሁት። ወረቀቱ ላይ ግድግዳና በር ብቻ ታተመ።

ዓርብ እናቴ መጣች። መደገፊያዋን እየገፋች በአዲሱ በር አለፈች፤ በግራም በቀኝም መዳፍ ያስገባል። ሽንት ቤቱ ውስጥ ቆመች። ቀስ ብላ ዞረች። ምንም አልነካችም። የእህቴ ባል እኔ ጀርባ ቆሞ ነበር፤ ፊቷን ወደ እኛ እስክትመልስ ድረስ ሲተነፍስ አልሰማሁትም።

"ማነው የለካው?" አለች።

"አማችሽ።"

"እኔንም ለክቶኛል እንዴ?"

ክቡርነታቸው መሬት መሬት አዩ።

እናቴ አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል እኔና እሱ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። ማመስገን አልሆነልኝም።

"ስማ" አልኩት፤ "ክብ እንዴት ነው የሚሳለው?"

እህቴ በበሩ በኩል ሰምታ በዓይኗ ተው አለችኝ። ዘግይታለች። ባሏ ወንበር ሳበ።

እኔም የራሴን ሳብኩ።