በድብቅ የተሰጠ ክፍልፋይ

ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል። እኔ ግን ትናንት ያየሁትን የሚፈታልኝ አላገኘሁም።

በሕልሜ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስደርስ በሩ ላይ ዘበኛው አልነበሩም። በእሳቸው ፋንታ ተማሪዬ ዘሀራ ቆማለች። ዘሀራ በእውኑ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ሒሳብ ትወዳለች፤ ቁርስ ስለማትበላ ግን ረፋዱ ላይ ዓይኗ ይከደናል። በሕልሜ ጉንጯ ሞልቶ፣ አርጩሜ ይዛ መምህራንን ታንበረክካለች።

«ቲቸር እንዳላማው፣ አፍዎን ይክፈቱ!» አለችኝ።

ከፈትኩ። አሸተተችኝ።

«ሻይ ብቻ! ቁርስ ሳይበሉ ትምህርት ቤት ይመጣል? ነገ ወላጅ ይዘው ይምጡ!»

«እናቴ እኮ አርጅተዋል» አልኳት።

«እሳቸውም በልተው ይምጡ።»

ክፍል ገባሁ። ጥቁር ሰሌዳው በነበረበት ቦታ ትልቅ ብረት ድስት ተጥዷል። ርዕሰ መምህራችን አቶ ጥላዬ ሽርጥ አገልድመው ምስር ወጥ ያማስላሉ። ልጆቹ ይበላሉ። ደወል ተደወለ፤ ይበላሉ። እንደገና ተደወለ፤ አሁንም ይበላሉ። አጉርሶ የጎረሰ ይጨበጨብለታል፤ ያስተረፈ ክፍል ይደግማል። አንዱ ምስኪን ሁለት ጉርሻ ትቶ «ከአማካይ በታች ነህ» ሲባል ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። የዚያ ክፍል ልጆች ሁሉ ጠግበው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። እንግዲህ አሁን ላስተምር ብዬ ኪሴን ዳበስኩ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ ከኋላዬ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ዞር ስል ለትምህርት ቤታችን ውኃ የምታመላልሰው አህያ ናት። ሱፍ ለብሳ፣ መነጽር አድርጋ፣ ሱፐርቫይዘር ሆናለች።

«ጠመኔ» አልኳት።

ጆሮዋን አቆመች። «የልጆቹ ሆድ ሳይሞላ ማስተማር ክልክል ነው።»

«መቼ ነው የሚሞላው?»

«እሱን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሟል።»

ሹልክ ብዬ ወጣሁ። አጥሩ ጥግ ወላጆች ተኮልኩለው እጃቸውን ዘርግተዋል። «ስለ ወላዲቷ፣ አንዲት ማካፈል!» ትላለች አንዷ። «ስለ ነቢ፣ ለልጄ አንድ ፊደል!» ይላል ሌላው። የምሰጠው ስላልነበረኝ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ አለፍኩ።

ሽንት ቤቱ ጀርባ ዘሀራ እጅጌዬን ጎተተችኝ። አርጩሜዋን ጥላዋለች።

«ቲቸር፣ ትንሽ ክፍልፋይ ይኖርዎታል?» አለች በሹክሹክታ።

«ጠግበሽ የለም እንዴ?»

«ሆዴማ ጠግቧል። ግን ቤት ስገባ ታናሼ ‹ምን ተማርሽ?› ይለኛል። ‹ምስር› እለዋለሁ።»

አንጀቴን በላችው። ካልሲዬ ውስጥ ስባሪ ጠመኔ ተገኘችና ግድግዳው ላይ አንድ ሁለተኛ ጻፍኩላት። ዓይኗ በራ። «ይጨምሩልኝ!» አንድ ሦስተኛ ጨመርኩላት። ሌሎቹም አንድ በአንድ እየተሹለከለኩ መጡና ከበቡኝ። «አትጋፉ፣ ለሁሉም ይደርሳል» እያልኩ ስጽፍ አህያዋ አናፋች። አቶ ጥላዬ ማማሰያቸውን እንደያዙ እየሮጡ ደረሱ።

«አንተ! እያበላህ ማስተማር ማን ከለከለህ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!»

«እኔንስ ማን ከለከለኝ?»

ሁላችንም ወደ አህያዋ ዞርን።

«እኔን አትዩኝ፤ እኔ ውኃ ነው የምጭነው» አለች።

አቶ ጥላዬ ማማሰያውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉት። ነቃሁ።

ትከሻዬን የነካችው ዘሀራ ናት፤ ከሲታዋ፣ የእውኗ። በጠራራ ፀሐይ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ ነበር። የወር መጨረሻ ስለሆነ እኔም ቁርስ አልቀመስኩም። በሩ ላይ አቶ ጥላዬና የወረዳው ሱፐርቫይዘር ቆመዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ሱፐርቫይዘሩ።

ፊቴን ጠርጌ ብድግ አልኩ። ዘሀራ ግን ቀደመችኝና ቀጥ ብላ ቆመች።

«ሳይንስ ነው ጋሼ። ሰው ሳይበላ ሲማር ምን እንደሚሆን ቲቸር እያሳዩን ነው።»

ሱፐርቫይዘሩ ፊታቸው ፈካ። «ጎሽ! በተግባር የተደገፈ ትምህርት ማለት ይሄ ነው!» ብለው አጨበጨቡ። አቶ ጥላዬም አጨበጨቡ።

ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ልጆች፣ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ደብተራቸው ላይ ተደፍተው ማሳየቱን ቀጥለው ነበር።