የጋሽ አህመድ ጨረር

ሆስፒታል ደርሶ መምጣትን እንደ ሹመት የሚቆጥር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ ጎረቤት አለኝ፤ ጋሽ አህመድ፣ ጡረተኛ መምህር። አዲስ አበባ ለሳንባ ጥናት ጨረር ያለበት ብናኝ በአፋቸው ሳቡ። ከዚያ ብናኙን ቶሎ ጠርጎ ያወጣ እንደሆነ ሊታይ፣ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት መድኃኒት እንዲስቡ ሐኪሞቹ ሰጧቸው። ሐኪሙ «ነገ ጨረሩ የለም» ሲላቸው አብሬያቸው ነበርኩ።

ወር አለፈ፤ እሳቸው ግን አሁንም «ዞር በሉ፣ ጨረር አለብኝ!» ይላሉ። እዚህ ሐረር፣ በጀጎል ጠባብ መንገድ ሰው ሁሉ ግንብ ላይ ሲለጠፍ፣ መሃሉን ይዘው እንደ ሙሽራ ያልፋሉ። እናንተስ ብትሆኑ እንዲህ ያለውን ሹመት ትለቁታላችሁ?

የዒድ ዕለት ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘይነባ ምሳ ጠሩን። እኛ አንድ ትሪ ከበን ስንቀመጥ፣ ለጋሽ አህመድ በር አጠገብ ለብቻቸው ሳህን ቀረበላቸው፤ ሩዝ ብቻ።

«ሥጋ ጨረሩን እንዳያባብስብዎ ብዬ ነው፣ ጋሼ» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ።

ወዲያው እኛ ትሪ ላይ የበግ ሥጋ ከነመረቁ ተገለበጠ። ጋሽ አህመድ አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ወላሂ፣ እንደዚያ ሳንባው እስኪሞላ አየር የሚስብ ሰው አይቼ አላውቅም! ከዚያ ብድግ አሉ።

«ለቀቀኝ!»

«ምኑ?»

«ጨረሩ ነዋ!»

«አልሐምዱሊላህ!» ብለን እየሳቅን ተጠጋጋንላቸው።

ሐኪሞቹ ሳንባን ቶሎ የሚያጸዳውን ነገር ዛሬም እየፈለጉ ነው አሉ። ሐረር ብቅ ቢሉ የወይዘሮ ዘይነባን ድስት እንከፍትላቸው ነበር።