የፍሬን መብራት ያጣው የሽማግሌዎች መኪና

የመኪናችሁን የፍሬን መብራት ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው? አትደንግጡ፣ ትራፊክ አይደለሁም። እግራችንን ፍሬን ላይ አድርገን ዞረን የኋላ መብራታችንን የምናይበት አንገት አልተሰጠንም። ስለዚህ የበራልን እየመሰለን ደስ ብሎን እንነዳለን፤ ከኋላችን ያለው ሰው ደግሞ ይሰድበናል። እሱንም አንሰማውም፣ ሙዚቃ ከፍተናል።

እኔም ያን እሑድ ጠዋት ደስ ብሎኝ እየነዳሁ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ነጭ ጋቢ የደረቡ ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። ከሃያ ሁለት ወደ የካ አባዶ የምንሄደው የሜሮንን አባት «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው እንዲጠይቁልኝ ነው። አዎ፣ አግቢው እኔው ነኝ። አግቢ የራሱን ሽማግሌ ጭኖ እንደማይሄድ አውቃለሁ፣ ነውር ነው። ግን ቃል የገባልን ሾፌር ጠዋት ስልኩን ዘጋ። አጎቴ ጋሽ ታደሰ መላ መቱ፦ «ራቅ አድርገህ አውርደንና ተደበቅ። ከታየህ አለቀልህ፤ ሰውዬው በወግ የሚቀልዱ አይደሉም።»

እነሜሮን ኮንዶሚኒየም ጋ ልንደርስ ስንል አንዲት ፍየል ፊቴ ገባች። ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ ጎማ ጮኸ፤ ለስላሳ በሳጥን የጫነ ፒካፕ ለትንሽ ሳይገጨኝ ቆመ። የወረዱትን ሰው በመስታወት ሳይ ደርቄ ቀረሁ። ሜሮን ፎቶዋቸውን መቶ ጊዜ አሳይታኛለች። አባቷ ናቸው! እሳቸው አያውቁኝም፤ ሽማግሌዎቹም በመልክ አያውቋቸውም። ጉዱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«የፍሬን መብራት የለህም እንዴ? ልትጨርሰኝ ነው?» አሉ።

ተቆጥተው ይሄዳሉ ብላችሁ ካሰባችሁ የሸገርን ሰው አታውቁትም። የተበላሸ መኪና አይቶ ማለፍ አይሆንለትም! እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ከኋላ ቆሙ።

«ያዝ!» ያዝኩ። «ልቀቅ!» ለቀቅኩ። «ያዝ እንጂ!» ይዣለሁ።

ሽማግሌዎቹም ወረዱ። ጋሽ ታደሰ አምፖሉ ነው አሉ። ሁለተኛው ፊውዙ ነው አሉ። ዕድሜ ልካቸውን መሪ ጨብጠው የማያውቁት ሦስተኛው ደግሞ ሞተሩ ነው አሉ።

«ሁለቱም አምፖል ባንዴ አይቃጠልም፤ ፔዳሉ ላይ ያለችው ስዊች ናት» አሉ አባቷ። በሬን ከፈቱና ውረድ እንኳ ሳይሉኝ ከመሪው ሥር ገቡ። ነገ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን የምስመው ሰው ጭንቅላታቸው እኔ ጉልበት ሥር ነው! ሳቄም ፍርሃቴም አንድ ላይ መጡብኝ።

ከቦታዋ የሸሸችውን ስዊች መልሰው አጠበቋት። «ያዝ!» ስይዝ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከኋላ በአንድ ድምፅ «በራ!» አሉ። አባቷ አቧራቸውን አራግፈው፣ አንዴ ትክ ብለው አዩኝና ሄዱ።

ሽማግሌዎቹን አውርጄ ከመሪው ሥር ተደፍቼ ጠበቅኩ። በወጉ የመጀመሪያ ቀን መልስ «ከዘመድ እንማከርና ተመለሱ» ነው። ጋሽ ታደሰ ግን በግማሽ ሰዓት እየሳቁ መጡ።

«ሰጡን! በሩን ሲከፍቱልን እኮ ክው ነው ያልነው። ‹አግቢው ያ ሾፌራችሁ ነው አይደል? ጉልበቱ ጆሮዬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ነው ያወቅኩት። ያዝ ስለው ይይዛል፣ ልቀቅ ስለው ይለቃል፣ ቃል አይመልስም። ከእኔ ልጅ ጋር ለመኖር ሌላ ምን ያስፈልጋል?› አሉን።»

በሠርጋችን ቀን ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል አባቷ ትከሻዬን ያዙና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ተነስ ልጄ፣ እኔ ቀድሜሃለሁ።»