አርጅታ የምትወለድ ኩኪ

በገዛ እጁ ያልጻፈውን ኮድ የማያምን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አለኝ። መላኩ ይባላል፤ ጎንደር ፒያሳ ቢሯችን ጎን ለጎን ነው። ዓለም ሁሉ የሚሠራበትን ዝግጁ ኮድ ስታሳዩት «ሌላው ያላመጠውን አልውጥም» ይላችኋል።

ኮሶዬ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ላላቸው ለአያ ታከለ፣ ሾፌሮች ምሳ ቀድመው የሚያዙበት ድረ ገጽ ሠራላቸው። ድረ ገጹ የገባውን ሰው እንዳይረሳ ለስልኩ ኩኪ ይሰጠዋል፤ «እስከዚህ ቀን ድረስ ማን ነህ አትበለው» የምትል የይለፍ ወረቀት በሏት። መላኩ ታዲያ ያችን ቀን በምን ቆጠራት? በእኛው ዘመን አቆጣጠር። ስልክ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ኩኪ ከሰባት ዓመት በላይ አርጅታ ትወለዳለች፤ ስልኩም «ጊዜዋ አልፏል» ብሎ ወዲያው ይጥላታል።

አያ ታከለ ጎንደር ድረስ መጡ።

«ምነው መላኩ፣ ስሜን ነግሬው ዞር ሳልል ማን ነህ ይለኛል። ሾፌሮቹም ሰልችቷቸው ሳይቆሙ ያልፋሉ። ወጡ እየተረፈ ነው።»

«አቆጣጠሩን ቀይረውና ይለቅ» አልኩት እኔም።

«በአገሬ ቀን መጻፍ ጥፋት ነው እንዴ? አልቀይርም። ስልኮቹ ይማሩ።»

አያ ታከለ ወደ መላኩ ጠጋ አሉ።

«ሸጋ። እስኪማሩ ድረስ የተረፈውን አንተ ትበላለህ።»

«እበላለሁ» አለ መላኩ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ይኸው በየቀኑ ኮሶዬ እየሄደ ይበላል። ከኮዱ አንዲት ፊደል አልተነካችም፤ የተለወጠው የቀበቶው ቀዳዳ ብቻ ነው።