የማይፈርሙት ጋሼ አብዱልወሃብ

ፈጣሪ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የማይፈርም ሰው መድቧል። ወረቀቱ በሁሉም እጅ ያልፍና እሱ ጋ ሲደርስ ይታሰራል። ሸዋሮቢት ላለው የመስኖ ፕሮጀክታችን የደረሱን ክቡር ጋሼ አብዱልወሃብ ናቸው፤ የፓምፕ ጥገና ኃላፊ፣ የእኔ የጨጓራ በሽታ።

እኔ የፓምፕ አጠቃቀም መመሪያ ጸሐፊ ነኝ። መመሪያ ይረቀቃል፣ ይገመገማል፣ ይሞከራል፣ ይፈረማል፣ ይታተማል። ጋሼ ዘንድ ግን ይገመገማል፣ ይገመገማል፣ አሁንም ይገመገማል። «መዝጊያውን ጥቂት ያዙሩ» ብዬ ብጽፍ «ጥቂት ስንት ነው?» አሉ። «ግማሽ ዙር» ብዬ ባመጣ «ወደየት?» አሉ። «ወደ ቀኝ» ብዬ ብመለስ «በየት በኩል ቆሞ?» ኧረ በሕግ አምላክ!

ባለፈው መጋቢት ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። አዲሱ ፓምፕ ተተክሏል፤ መመሪያው ካልተፈረመ ለገበሬዎቹ አይሰጥም። ከገበሬዎቹ አንዷ የሆኑት የእትዬ ሙሀባ ሽንኩርት ውሃ ካገኘ ስምንት ቀኑ ነው፤ ቅጠሉ ከጫፉ መድረቅ ጀምሯል። ማተሚያ ቤቱም ከደብረ ብርሃን ይጨቀጭቀኛል። ስድስተኛውን እርማት ይዤ «ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይፈርሙልኝ» አልኳቸው።

«ሳይሞከር? አይሆንም!» አሉ እንደ ልማዳቸው።

የሳቸው ሙከራ ሕግ አለው። እሳቸው ያነባሉ፤ ፓምፕ ነክቶ የማያውቅ ሰው የሰማውን ብቻ ያደርጋል፤ ጸሐፊው አፉን ይዘጋል። በማግስቱ ሞካሪዋ እትዬ ሙሀባ ራሳቸው ሆኑ። «ቢስሚላህ» ብለው ወደ ፓምፑ ቀረቡ።

«አንድ፤ መምጠጫው ቧንቧ ውሃው ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ።»

«ገብቷል።»

«ሁለት፤ የመውጫውን መዝጊያ ይዝጉ።»

«ዘጋሁ።»

«ሦስት፤ ማብሪያውን ይጫኑ።»

ከማብሪያው በፊት ፓምፑ ውስጥ ውሃ መሙላት አለ! ግማሽ ዙርና ቀኝ ሳሳድድ ያንን ተራ ቁጥር ሰርዤዋለሁ። ፓምፑ ደርቆ ከዞረ ይቃጠላል፤ ሌላ ፓምፕ ደግሞ የለንም። ጋሼን አየኋቸው፤ ፊታቸው ድንጋይ ነው። የእትዬ ሙሀባ ጣት ማብሪያው ላይ ደረሰ።

«እንዳይነኩት!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ ሙሀባ ደንግጠው ዘለሉ። «ምነው ልጄ! የተባልኩትን እኮ ነው የማደርገው!» የረሳሁትን ስነግራቸው ደግሞ ባሰባቸው። «ቢቃጠልስ ሽንኩርቴን ምን ላጠጣው ነበር? እንባዬን?»

ጋሼ ቀስ ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና የፓምፑን ፊውዝ አውጥተው አሳዩኝ። ለካ ቢጫንም አይነሳም ነበር።

«ስህተቱን አውቀውታል ማለት ነው?»

«ትናንት ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝም!»

«ብነግርህ ታርመው ነበር፣ ናሆም። አሁን ግን አትረሳውም።»

ንዴቴን አልደብቅም፤ አንገታቸውን ላንቅ ምንም አልቀረኝም። የጎደለውን በእስክሪብቶ ጨምሬ እንደገና ሞከርን። ውሃው እየገፋ ወደ ቦዩ ሲወርድ እትዬ ሙሀባ «አልሀምዱሊላህ» እያሉ ወደ ማሳቸው ሮጡ። ጋሼ ወረቀቱን ጀርባዬ ላይ አስደግፈው ፈረሙ፤ እስክሪብቶውን ሲጫኑት ያመኝ ነበር።

ዘንድሮ ጋሼ ጡረታ ወጡና አዲስ ገምጋሚ ተመደበልኝ። የተማረ፣ ትሁት ልጅ ነው። አርባ ገጽ መመሪያ ሰጥቼው ሻዬን ሳልጨርስ ፈርሞ መለሰልኝ። ከልቤ አመሰገንኩት፤ ወረቀቱን ሸክፌ ወጣሁና ባጃጅ ያዝኩ።

«ወዴት ነው?» አለኝ ሹፌሩ።

«ጋሼ አብዱልወሃብ ቤት» አልኩት።