የቨርጂል ጠመንጃ ገና አላለቀም

ድብ ባለበት አገር ሁሉ ጠመንጃውን አሰናድቶ የማይጨርስ አንድ ሰው አይጠፋም። ከጠፋም ሰፈሩ ገና በወጉ አልቀናም ማለት ነው። እኛ አላስካ ውስጥ በወንዙ ዳር የሰፈርን ጥቂት አባወራዎች በዚህ ረገድ የጎደለብን ነገር የለም። ሊቀ ጠበብት ቨርጂል ሃልቮርሰን አለልን።

ቨርጂል ጠመንጃውን የገዛ ዕለት እኔም ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ከምላጩ ስር ያለችውን ማንሻ ወደ ታች ገፍተው ወደ ላይ ሲመልሷት የሚጎርስ፣ አፈሙዙ ሰፊ፣ ጥይቱ አውራ ጣት የሚያህል ከባድ መሣሪያ ነው። ባለሱቋ ሎርና ከመደርደሪያ አውርዳ ሰጠችው። ትከሻው ላይ አስደገፈው፣ አወረደው፣ መልሶ አስደገፈው፣ ጣሪያው ላይ አነጣጠረ። እኔና ባሌ ክላይድ እንኳ ለመጋባት ይህን ያህል አላሰብንም።

“ትገዛታለህ ወይስ ታገባታለህ?” አለችው ሎርና ቁልፏን እያንቀጫቀጨች።

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” አላት ክቡርነቱ። “ጠመንጃ ተገዝቶ አያልቅም ሎርና። ይሰናዳል እንጂ።”

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሲሰናዳ ኖረ። መጀመሪያ ማነጣጠሪያው በጥድ ጥላ ውስጥ አይታይም ተብሎ ተቀየረ። የመጀመሪያዋን ጥይት ሲተኩስ መሣሪያው እንደ በቅሎ ረግጦት ትከሻው ለሳምንት ጠቁሮ ሰነበተ። እሱ ግን “ትውውቅ ነው” አለን። ከትውውቁ በኋላ ሰደፉ ላይ ወፍራም ጎማ ለጠፈ። ጎማው ሰደፉን አስረዘመበት፤ እንጨቱን በመጋዝ ቆረጠ። ሲቆርጠው አጠረ፤ ሌላ ጎማ ጨመረ። ማንሻዋ ጣቱን ስለላጠችው ቆዳ ጠመጠመባት፤ ቆዳው ሲጠመጠም ደግሞ ጓንት ያደረገ እጅ አላስገባ አለ።

የዚህ ሥራ ጣጣው፣ ማነጣጠሪያው በተነካ ቁጥር ዒላማ ላይ እየተኮሱ እንደ አዲስ ማስተካከል ግድ መሆኑ ነው። ቨርጂል አስተካክሎ ሲጨርስ የአደኑ ወቅት አብሮት ያልቃል። “ዘንድሮስ ወጣህ?” ስንለው “ገና አላለቀም” ይለናል፣ ያላለቀው እኛ የሆንን ይመስል በትዝብት እያየን። ሙያ በልብ ነው የሚለውን ብሂል ማንም አልነገረውም። አንድ የጎረቤት ቀብር ላይ ቄሱን ይዞ ስለ ጥይት ክብደት ሲያስረዳቸው፣ ቄሱ ጸሎቱን አሳጥረው ሄዱ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የቨርጂል መኪና ስትመጣ በጓሮ በር የወጣሁባቸው ቀናት አሉ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የሳልሞን ዓሣው ወንዙን ሳይሞላ ቀረ። ፍሪዘራችን ባዶውን ይጮሃል። አንድ ሙስ፣ ያ ቀንዱ ሰፊ ግዙፍ አጋዘናችን፣ ካልተገኘ ክረምቱን ምን እንደምንበላ እኔም ክላይድም አናውቅም ነበር። ደግነቱ ወቅቱ ሊዘጋ ሲል ክላይድ ከወንዙ በላይ አንድ ጣለ። ሥጋው ሲወጣ ደሙ ድብ ይጠራልና መሣሪያ ይዞ ዘብ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ያን ዕለት ሥራ ፈትቶ የተገኘው ሰው ማን እንደሆነ መናገር የለብኝም። በጀልባ ይዘነው ወጣን።

እኔና ክላይድ እስከ ክንዳችን በደም ተነክረን ብልት እናወጣለን። ቨርጂል ከኋላችን ቆሟል። ቅርንጫፍ ሲሰበር ቀና ብል፣ ድቡ ከቁጥቋጦው ወጥቶ የክላይድ ጠመንጃ ከተደገፈበት ዛፍ ስር ቆሟል። ቨርጂል አልፎን ሄደና በእኛና በድቡ መሃል ቆሞ መሣሪያውን ወደረ።

“ጤና ይስጥልኝ፣ ጌታው” አለው በዚያ በማይቸኩል ድምፁ። “ይሄ የያዝኩት ተራ ጠመንጃ እንዳይመስልዎት። ሰደፉን የቆረጥኩት ራሴ ነኝ። መጀመሪያ ረዝሞብኝ ነበር። የረዘመበት ምክንያት ምን መሰለዎት፣ ጎማው ነው።”

ድቡ በኋላ እግሮቹ ቆሞ አየሩን አሸተተ። ቨርጂል ወደ ሁለተኛው ጎማ ተሸጋገረ። ከዚያም ወደ ማንሻዋ። ቆዳው የምን ቆዳ እንደሆነ ሲያስረዳ ድቡ በአራት እግሩ ወረደ፣ ጀርባውን ሰጠን፣ ሁላችንም እንደምናደርገው ጥሎት ሄደ።

ሥጋውን ተሸክመን ጀልባው ጋ ስንደርስ መቀመጫው ላይ ሰደፍ ላይ የሚጠለቅ የቆዳ ዝናር አየሁ። ቨርጂል በጀልባ ሲሄድ ጠመንጃ አያጎርስም። ጥይቱን ሁሉ በዚያ ዝናር ነበር የሚይዘው። ጠዋት በጀልባው ስንመጣ ሚዛኑን አበላሸብኝ ብሎ አውልቆ እዚያው ረስቶታል።

“ቨርጂል፣ ጥይትህ እዚህ ነው” አልኩት።

“አውቃለሁ።”

“መቼ ነው ያወቅከው?”

“ድቡ ሲወጣ። እጄን ወደ ሰደፉ ብሰድ ባዶ ነው።”

ክላይድ ያነሳውን ታፋ መልሶ አስቀመጠ። “ታዲያ አንተ ሰውዬ፣ ምን ልሁን ብለህ ፊቱ ቆምክ?”

“እናንተ አጎንብሳችኋል። ወዴት ልሂድ?”

“ባይሄድልህስ ኖሮ?”

ቨርጂል ዝናሩን አንስቶ ሰደፉ ላይ አጠለቀው። “ስለ ማነጣጠሪያው ገና አልነገርኩትም ነበር” አለ።

ይህን ሰው እንደምወደው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፣ ምን ላድርግ። በእኛ ዘንድ የሙሱ ሽንጥ የገዳዩ ድርሻ ነው። ክላይድ ሽንጡን አነሳና ቨርጂል ጭን ላይ አስቀመጠው። ቨርጂል ሥጋውን አቅፎ ተቀመጠ። ወንዙን ስንወርድ ድምፁን አልሰማንም፤ ዝምታውን አልቻልኩትም።

“እስቲ ስለ ማነጣጠሪያው ንገረኝ” አልኩት።